አይጥ የተኛችበት ወረቀት

ይድረስ ለአበጀ፣ ለልጆቼ አባት።

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል» ይባላል። ለአንተ ይህን እንደማልል ታውቃለህ። ቀጥሎ «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ይባላል። እሱንም አልጽፈውም። በትዳራችን ዘመን ሁሉ አንቱ ስልህ ኖርኩ፤ እናቴ ባል እንዲህ ይጠራል ብላ አሳድጋኛለች። ዛሬ ግን ተናድጃለሁና አንተ እልሃለሁ። ቅር ካለህ ተነሥና ተቆጣኝ።

ከተለየኸን አምስት ወር ሊሞላ ነው። በዝናብ ቀበርንህ፤ ጭቃው የወንዶቹን ጫማ እየያዘ አላስኬድ ብሏቸው ነበር። አሁን ሙቀቱ ገብቷል፣ ከሰዓት በኋላ ከአውቶቡስ ወርጄ ዳገቱን ስወጣ ሁለት ጊዜ አርፋለሁ። ልጃችን አስቴር ውትድርናዋን ጨርሳ ፒስጋት ዘኤቭ ሰፈር አንድ መዋዕለ ሕፃናት ሥራ ገብታለች፤ በየቀኑ ቀለም የነካው ልብስ ይዛ ትመጣለች። ወንዶቹ ልብስህን ተከፋፈሉት። ካፖርትህ ለትልቁ ጠበበው፤ ቢሆንም በዚህ ሙቀት እንኳ አላወልቅም ብሎ አስቸግሮኝ ነበር። የሰገነቱ በር መጮኹን አቁሟል። ዘይት የቀባሁት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት «ነገ፣ ነገ» ስትለኝ የነበረው ሥራ ለካ እጅ ታጥቦ እስኪደርቅ የማይፈጅ ኖሯል። የመኪናህን በር ግን በየሳምንቱ ዘይት ትቀባ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝም እሷው መኪናህ ናት። ባለፈው ማክሰኞ ከፈትኳት። ሌላም ነገር አለ፣ ከጅምሩ ልንገርህ፤ በዚህ ቤት ነገር ወደ ኋላ ማስቀረት በቅቶናል። ሐኪሟ ጡቴ ላይ አንድ ነገር አገኘችና ለምርመራ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሚልክ ወረቀት ሰጠችኝ። አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሦስት ሳምንት እዚያው ተኛ። ለልጆቹ ትንፍሽ አላልኩም፤ መኪናህን ባልከፍት ኖሮ ዛሬም አልናገርም ነበር።

መኪናዋን ከመጀመሪያው ጠልቻት እንደነበር ታውቃለህ። ወደዚህ አገር እንደመጣን ሦስት ዓመት ያኖሩን ካራቫን ውስጥ ነው፤ ያ የቆርቆሮ ሳጥን በበጋ ያቃጥላል፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ የጎንህ ሰው የሚናገረው አይሰማም። የኔቬ ያዕቆቡን ቤት ቁልፍ በተቀበልን ቀን፣ ከእንግዲህ መሬት ባልያዘ ቤት አልተኛም ብዬ በልጆቼ ፊት ማልኩ። ሰምተህ ስቀሃል። ከዓመታት በኋላ ማሃኔ ይሁዳ ገበያ ወይራ የምትሸጥለት አሠሪህ አርጅቶ መንዳት ሲተው፣ አልጋና ምድጃ ያላትን አሮጌ መኪናውን ለአንተ ለቀቀልህ። እኔን የጠየቀኝ የለም። መንጃ ፈቃድህን በአምስተኛው ፈተና ያገኘህ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ከፎቁ ሥር አቁመሃት «ነይ ውረጂ፣ እያት» ብለህ ጮኽክ። ወርጄ አየኋት። ያው ካራቫን ናት፤ ልዩነቷ መሪ ያላት መሆኑ ነው።

ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ። አንተ አልተቀየምክም። «ያኛው ሌላ ሰው ያስገባን ቤት ነው፤ ይቺን ግን እኛ ደስ ባለን ቦታ እናቆማታለን» አልከኝ። ኩርፊያዬ ባሰብኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ኪኔሬት ሐይቅ ወረድን፤ ከቀትር በኋላ ከውኃው ዳር አቁመህ የኋላውን በር ከፈትክና ተኚ አልከኝ። ስነቃ በጋዜጣ ዝንብ እየከለከልክልኝ ነበር። እንዴት ነው ስትለኝ «ይሞቃል» አልኩህ።

ከሱኮት፣ ከዳስ በዓል በኋላ መኪናዋን ከሰፈራችን በታች፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንች በሚጀምርበት ቦታ፣ የድንጋይ ጠራቢው ግቢ ውስጥ አስገባሃት። ከግቢው ወዲያ ያለው ሜዳና እሾህ ነው፤ ብርድ ሲመጣ የሜዳ አይጥ ሁሉ ሙቀት ፍለጋ ይገባል። ጠራቢው የራሱን መኪና የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደበሉበት ነገረህ። ከዚያ ወዲያ ከአይጥ በቀር ሌላ ወሬ አልነበረህም። ሰው ልጁን ሊድር ነው ብልህ መልስህ ስለ አይጥ ነው።

ጎተራ መሥራት ታውቅ ነበር፤ ይህን ማንም አይነሣህም። በአገራችን ሰው ከሦስት መንደር ማዶ እየመጣ ይወስድህ ነበር። ጎተራውን በድንጋይ እግር ላይ ታቆመዋለህ፣ በየእግሩ አናት ላይ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ታደርጋለህ፤ አይጧ እግሩን ወጥታ ጠፍጣፋው ሥር ስትደርስ መዞሪያ አጥታ ትወድቃለች። መኪናዋንም ጎተራ አደረግካት። በክሪክ አንሥተህ ብሎኬት ላይ አስቀመጥካት። ከአሠሪህ ሱቅ የወይራ ቆርቆሮ አምጥተህ ቆራርጠህ በየብሎኬቱ አናት ላይ እንደ ባርኔጣ ደፋህበት። የማርሚታውን አፍ በሽቦ ወንፊት አሰርከው። ቧንቧና ሽቦ በሚገባበት ቀዳዳ ሁሉ የድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቀጠቅህ፤ ከወጥ ቤቴ አንድ ሳታስቀር ወስደህ ድስቴን በጥፍሬ ስፍቅ ከረምኩ። ጨለማና ሙቀት ይወዳሉ ብለህ ኮፈኑን ክፍት አደረግከው። ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱን፣ መጋረጃውን ለጎጆ እንዳይዘለዝሉት ወደ ቤት አጋዝካቸውና ሰገነቴን ሞላህብኝ። መርዝ አድርገህ ለምን አትገላገልም ስልህ፣ መርዝ የበላች አይጥ ግድግዳ ውስጥ ገብታ ትሞትና ሽታዋ ዓመት ይኖራል፣ የጠራቢውም ድመት አለች አልከኝ። ይህን ሁሉ አውቄልሃለሁ። ሥራህ ሥራ ነበር።

ጠዋት ጠዋት ትወጣለህ። ወዴት ስልህ «ወደ ኩፓት ሆሊም፣ ለሆዴ ምርመራ» ትለኛለህ። ከሐኪም ቤት የሚመለስ ሰው ጉልበቱ ላይ አፈር፣ ጥፍሩ ውስጥ ዝገት ይዞ ይመጣል? አየሁ። ሲመለስ ግቢው ጎራ ብሎ ይሆናል ብዬ ለራሴ መልስ ሰጠሁልህ። ምርመራው ምን አለ ስልህ «ደኅና ነው፣ ጨጓራ ነው» አልከኝ። ሰው ሲታመም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልክ የጎረቤቱን ሁሉ ጆሮ የምታደነቁር አንተ ነበርክ።

ዝናቡ ሲጀምር ወደቅክና ሆስፒታል አስገባንህ። ሐኪሙ እኔንና አስቴርን ወደ ውጭ ጠርቶ እንደማትድን ተናገረ። የተረጎመችልኝ አስቴር ናት። ኮሪደሩ ላይ ቆመን መከርን፤ በእኛ ልማድ ሰው የራሱን ሞት ቀድሞ አይሰማም። ጨጓራህ ቆስሏል ብለን ልንነግርህ ተስማማን። አስቴር ገብታ ነገረችህ። አንተም በትሕትና አንገትህን ነቀነቅህና «እሺ፣ ይድናል» አልክ። ከዚያ «የኮፈኑን ነገር አደራ፣ ነፋሱ እንዳይዘጋው» አልከኝ።

ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። እመጣለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ አንተ ስለ አይጥ ትጠይቀኛለህ። ቆርቆሮው ተንሸራቷል ወይ? ድመቷ አለች ወይ? ጠራቢው ስሚንቶ ጆንያ መኪናዋን አስደግፎ እንዳይከምር፣ መወጣጫ ይሆናቸዋል። እኔም ስለ አንተ ከማውራት ስለ አይጥ ማውራት ስለቀለለኝ ጥያቄህን ደስ ብሎኝ እመልስ ነበር። በመጨረሻው ሰኞ እንኳ ያወራነው ስለ ኮፈኑ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ስደርስ አልጋህ ባዶ ነበር። አበጀ፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብሮ የኖረ ሰው መሰነባበቻው የመኪና ኮፈን ይሆናል?

ጠራቢው ግቢውን ለሥራ ስለፈለገው መኪናዋን አንሡልኝ አለ። ልሸጣት ወሰንኩ፤ አልዋሽህም፣ ደስ ብሎኝ ነው የወሰንኩት። ገዢ ሳያያት በፊት ላጸዳት ማክሰኞ ብቻዬን ሄድኩ። ቆርቆሮዎችህ እንደደፋሃቸው ናቸው፣ ሽቦዎችህ እንደጠቀጠቅካቸው ናቸው። አንድ አይጥ ከውጭ የገባችበት ምልክት የለም። በሩን ስከፍት ግን ሽታው ፊቴን መታኝ። የወንበሩ ስፖንጅ ተቦርቡሯል፣ ሽቦው ተበልቷል፣ ወለሉ በኩስ ተሞልቷል። ከመቀመጫው ሥር ያለውን ሳጥን ስከፍት ነገሩ ገባኝ። ፍራሹን ያወጣህ፣ መጋረጃውን ያወጣህ ሰው፣ የአንድ ሳምንት በሶ በጨርቅ ከረጢት አስረህ እዚያ ትተሃል። መንገደኛ ያለ ስንቅ አይነሣም እያልክ ሁልጊዜ የምታስቀምጠውን። አንዷ አይጥ ከመዝጋትህ በፊት ገብታ ነበር ማለት ነው፣ ምናልባትም እርጉዝ። አንተ ከውጭ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈንክላትና ድመት እንዳይደርስባት አድርገህ ከነስንቋ ቆለፍክላት። የሦስት መንደር ጎተራ ሠሪ! ብቻዬን እዚያ ቆሜ ሳቅኩብህ፤ ከሞትክ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ሳቄ ብዙ አልቆየም። ጎጆዋን በመጥረጊያ ስጎትተው ስፖንጅ፣ ክር፣ የተቀደደ ወረቀት ሆኖ ተበተነ። አንዱ ቁራጭ ላይ ስምህ አለ። ዕብራይስጥ ማንበብ እንደማልችል ታውቃለህ፤ ስምህን ግን አነባለሁ፣ ኡልፓን ገብቼ በመጀመሪያ መጻፍ የተማርኩት እሱን ነው። ስምህ ካለበት በላይ የኩፓት ሆሊም ምልክት አለ። ተንበርክኬ ከኩሱ መካከል ቁራጩን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ሻሼን አውልቄ በሱ ቋጠርኩት።

ለልጆቹ ማሳየት አልቻልኩም። በማግስቱ በኢትዮጵያ ጎዳና ቤቷን ወደምሠራላት ወደ አሮጊቷ ሐና ይዤው ሄድኩ። እሷን ታስታውሳታለህ፣ ቤተ መጻሕፍት ስትሠራ ያረጀችው፣ ሐሙስ ሐሙስ የወይራ ፍሬ የምትልክላት። የምሳ ሳህኗን ገፋ አደረገችና ቁራጮቹን ነጭ ወረቀት ላይ ደረደረች። አጉሊ መነጽሯን አውጥታ፣ ፊደሉን ከፊደሉ እያገጣጠመች፣ በፕላስተር እየለጠፈች ሁለት ሰዓት ፈጀች። አይጥ ነክቶታል ብላ አልተጸየፈችም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በሚገባኝ ቀላል ዕብራይስጥ እየመነዘረች አነበበችልኝ። በሱኮት ማግስት የተጻፈ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሆስፒታል ግባ ይላል። ከላዩ በትልቁ «ዳሑፍ» ተብሎበታል፤ አስቸኳይ ማለት እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ከታች ደግሞ አንዲት ትንሽ መስመር ነበረች። ሐና እሷ ላይ ስትደርስ አጉሊ መነጽሯን አስቀመጠች። «ሁኔታው ለታካሚው በአስተርጓሚ ተብራርቶለታል» ይላል።

ተብራርቶልሃል። ታውቅ ነበር። ሆስፒታል ሳትገባ፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ ብሎኬቱን ሳትደረድር ታውቅ ነበር። ወረቀቱን ከስንቅህ ጋር ደበቅህና ቀዳዳ ስትጠቀጥቅ ከረምክ። ከዚያ አልጋ ላይ ተኝተህ እኛ ጨጓራ ነው ብለን ስንዋሽህ ሰምተህ «እሺ» አልክ። ልጅቷ ፊትህ ቆማ እንባዋን እየዋጠች ስትዋሽ አየሃት፤ አንድ ቃል ብትናገር ያን ሸክም ታወርድላት ነበር። አልተናገርክም። እኔ ደግሞ ከቀብርህ በኋላ፣ የሐኪሙን ቃል አለሳልሰሽ ተረጎምሽው፣ የቀረን ጊዜ አጭር መሆኑን ቀድመን ባወቅን ነበር እያልኩ አስቴርን ስወቅሳት ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ከሐና ቤት ወጣሁ። እዚያው ጎዳና ካለው ከኢትዮጵያውያን ገዳም ግንብ ሥር፣ ጥላው ላይ ተቀመጥኩ። እማሆይ፣ እኒያ የወገራዋ መነኩሲት፣ ዳቦ ይዘው ሲመለሱ አገኙኝ። ሃይማኖታችን ለየቅል ቢሆንም ሁልጊዜ «አገሬ» ይሉኛል። ምን ሆነሻል ልጄ ሲሉኝ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የአንተንም፣ በቦርሳዬ ያለውንም። ልማዳችን አስሮን ነው አልኳቸው። ተቆጡኝ። «ልማዱን አትስደቢ። መርዶ በአገራችን ተደብቆ ይቀራል ወይ? ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ሰው እህል እስኪቀምስ ይቆይና ይነገራል። እናንተ ማቆየቱን ይዛችሁ መናገሩን ጣላችሁት» አሉኝ። ዳቦውን ቆርሰው እጄ ላይ አኖሩልኝና ገቡ።

ያን ቀን በአውቶቡሱ እስከ ቤት ድረስ በልቤ ስሰድብህ መጣሁ። ለምን እንዳልሄድክ ምክንያት ፈለግሁልህ። ፈርተህ ነው አልኩ። ምርመራው እንደማያድንህ አስተርጓሚው ነግሮህ ይሆናል አልኩ። እኔን ላለማስጨነቅ ነው አልኩ፤ ይህኛው ከሁሉ ይልቅ አናደደኝ፤ እኔ እኮ አንተ ሳትጨነቅልኝ በፊትም መጨነቅ የማውቅ ሴት ነኝ። እውነቱን አላውቀውም፣ ከእንግዲህም አላውቀውም፤ የምትነግረኝ አንተ ነበርክ። ሁለት ወር ነበረን፣ አበጀ። በሁለት ወር ስንት ነገር ይባላል። አንተ ለእኔ ስታዝን እኔም ለአንተ ሳዝን፣ ሁለታችንም በአንድ አይጥ ጀርባ ተሸሽገን ጨረስነው።

በዚህ መሐል ቦርሳዬ ጉልበቴ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት አንተን ከመሆን በቀር ምን ሠራሁ? ልጆቹ አባታቸውን ገና አልጨረሱም ብዬ ነበር የደበቅሁት። አንተም እንዲህ ያለ አማላይ ምክንያት ነበረህ ይሆናል።

ትናንት ልጆቹን ሁሉ ለምሳ ጠራኋቸው። እንደ እማሆይ ቃል እህል እስኪቀምሱ ጠበቅሁ። ከዚያ ሁለቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አደረግሁ። ያንተን ሲያነቡ ትልቁ ልጅህ ካፖርትህን ይዞ ወደ ሰገነቱ ወጣና ብዙ ቆየ። አስቴር ግን የኔን ወረቀት አነሣች። አነበበችው፣ ቀኑን አየችው። «እማ፣ ሦስት ሳምንት? እንደ አባባ? አት ሜሹጋዓት?» አለችኝ። እናቷን እብድ ነሽ ወይ አለችኝ፤ ሌላ ቀን ቢሆን በጥፊ እላታለሁ። ስልኩን አንሥታ በሆስፒታሉ ሰዎች ላይ በዕብራይስጥ ጮኸችና ለእሑድ ጠዋት ቀጠሮ አስያዘች። ከዚያ መጥታ ራስዋን ትከሻዬ ላይ ጣለች፤ ከዋሸችህ ቀን ጀምሮ ያልወረደላት ነገር ያኔ ወረደላት።

መኪናዋን አልሸጥኩም። ወንዶቹ ሽቦዋን እንቀይራለን ብለው ተነሥተዋል፤ በሶህን ለጠራቢው ዶሮዎች ደፋሁት። ሽታዋ በሆምጣጤ ታጥቦ ለቅቋል። የእሑዱ ነገር ምንም ይሁን ምን ኪኔሬት አንድ ጊዜ እንወርዳለን። ያን ቀን «ይሞቃል» ያልኩህን አንሣልኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም ነበር። በጊዜው ልነግርህ ይገባ ነበርና ይቅር በለኝ፤ ያንተንም ይቅር ማለት እየሞከርኩ ነው፣ ገና አልደረስኩም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያንተው ወረቀት አይጥ አኝካውም አልለቀቀም። ከኔው ጋር አጠገብ ለአጠገብ፣ ፍሪጁ በር ላይ በማግኔት ለጥፌዋለሁ፤ በዚህ ቤት ወተት የሚፈልግ ሁሉ ያነበዋል። አልረሳህም። ፍቅሬ ቢደክም ንዴቴ ያስታውስሃል፣ እሱ የሚደክም አይመስለኝም። በተዝካርህ ቀን ስለ ጎተራህም ስለ በሶህም ለሰው እናገራለሁ፤ ይሳቁብህ።

እሑድ ሐኪሙ ፊት ስቀመጥ የምትተረጉምልኝ አስቴር ናት። ከሚናገረው አንድ ቃል እንዳታስቀር፣ እንዳታለሳልስ፣ በአንተ ስም አስምያታለሁ።

ሚስትህ ጥሩነሽ
ኔቬ ያዕቆብ፣ ኢየሩሳሌም